በር ላይ የቆመው ኮርድ

በሦስት ኮርድ የስንቱን ሰው ልጅ እንደዳርኩ የምናውቀው እኔና አምላክ ብቻ ነን። ከጠዳ እስከ ደባርቅ ዳስ በተጣለበት ሁሉ ኪቦርዴን ተሸክሜ ያልገባሁበት ሰፈር ያለ አይመስለኝም። ኖታ አላነብም ነበር። ተማሪ ቤት ገብቼ የተማርኩት ሙዚቃም የለም። ጆሮዬ የሰማውን ጣቴ ያገኘዋል፣ ሰርገኛው ይጨፍራል፣ እኔም በሰላም ቤቴ እገባለሁ። ስለዚህ ዛሬ ስለ ሰባተኛ ኮርድ ላወራችሁ ስነሳ የሚያውቁኝ ሰዎች ቢስቁብኝ አልፈርድባቸውም። እንዴት እንደተማርኩት እስክነግራችሁ ድረስ ብቻ ታገሱኝ።

እናታችን የወለደችው ሦስት ነው። ታላቃችን ደሳለኝ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። መካከለኛው እኔ ነኝ። ታናሻችን ሰናይት ናት። አባታችን ልጆች ሳለን ስለሞተ አባትም ወንድምም ሆኖ ያሳደገን ደሳለኝ ነው ማለት ይቻላል። ሰናይትን ከፍሎ ሙዚቃ ተማሪ ቤት ያስገባትም እሱ ነው። የሰፈሩ ሰው «ሴት ልጅ ለአዝማሪነት ትማራለች ወይ?» እያለ ሲያሽሟጥጥ፣ ደሳለኝ «አዝማሪማ አንድ አለን፣ እሷ የአዝማሪ አስተማሪ ትሆናለች» ይል ነበር። አዝማሪው እንግዲህ እኔ መሆኔ ነው። ሰናይት ተመርቃ ስትመጣ ጎንደር ከተማ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ሙዚቃ ማስተማር ጀመረች። እናታችን ግን እዚያው አምባ ጊዮርጊስ፣ አስፋልቱ ዳር ካለው ቤታችን አልተነቃነቀችም።

ሰናይት ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጎንደር ማራኪ ሰፈር ወደተከራየሁት ቤት ትመጣለች። የምትመጣው ልታየኝ ነው፣ ግን ኪቦርዱን ስታይ አስተማሪነቷ ይነሳባታል። አንድ ቀን አስቀምጣኝ ሶልን፣ ሲንና ሬን አንድ ላይ መታች።

«ይሄ ተራ ኮርድ ነው። ሦስት ድምፅ። ተቀምጧል፣ ምንም አይፈልግም» አለችኝ። ቀጥላ ከላይ ፋን ጨመረችበት። «አሁን አራት ሆኑ። ከሶል ጀምረህ ብትቆጥር ፋ ሰባተኛዋ ናት። ሰባተኛ ኮርድ የሚባለው ለዚህ ነው። ይሄ ግን አልተቀመጠም፣ ቆሟል። የሚሄድበት አለው።»

ወዴት እንደሚሄድ ጠየቅኋት። ወደ ቤቱ፣ ወደ ዶ ነው የሚሄደው አለችኝ። ከዚያ አራቱን ቁልፎች እንደተጫነች ፊቴን ታየኝ ጀመር። እሷ እኔን ትጠብቃለች፣ እኔ እሷን እጠብቃለሁ። ቆይታ «አይጨንቅህም? ጨርሺው ጨርሺው አትልም?» አለችኝ። እውነቱን ነገርኳት። ለእኔ ክሩ የላላ ማሲንቆ ነው የመሰለኝ። ተነስታ በንዴት የቆሸሹ ሳህኖቼን ማጠብ ጀመረች። ለእኔ ጥሩ ቀን ነበር።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ቅዳሜ ሞከረች። አስር ጊዜ እየመታች፣ እየያዘች፣ ፊቴን እያየች። እኔ ምንም። ኋላ አንድ ቀን ከበር ጀምራ እየሳቀች ገባች። ምክንያቱን አግኝታዋለች።

«ትዝታ ቅኝት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፣ አይደል? ፋና ሲ የሉበትም። ሰባተኛው ኮርድ ውስጥ የሚጣሉት ደግሞ እነሱ ሁለቱ ናቸው። ፋ ወደ ሚ ልውረድ ትላለች፣ ሲ ወደ ዶ ልውጣ ትላለች። ያንተ ጆሮ ያደገው ሁለቱ በማይገቡበት ቤት ነው። ጠባቸውን ከየት ታውቀዋለህ?»

አንቺስ እዚያው ቤት አይደል ያደግሽው አልኳት። እሷን ተማሪ ቤት እንዳበላሻት ነገረችኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ማስተማሩን ተወችና እኔም በሦስት ኮርዴ የሰው ልጅ መዳሬን ቀጠልኩ።

ያን ዓመት የራሷ ሰርግ መጣ። በእኛ አገር ሙሽራው ሚዜዎቹን አስከትሎ ሲመጣ የሙሽሪት ወገን በር ይዘጋበታል። ፊት የሚቆመው ወንድሟ ነው። ይገፋፋሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ ይለማመጣሉ፣ መጨረሻ ላይ ወንድምየው እሺ ብሎ ገለል ይላል። ሰናይት ለዚያች ሰዓት የራሷን አጭር ዜማ ሠራች። በትዝታ ይጀምርና በሩ ሲዘጋ ሰባተኛው ኮርድ ላይ ይቆማል። እንዲህ ብላ አዘዘችኝ። ደሳለኝ በሩን እንደያዘ አንተ ኮርዱን ያዝ፣ እሱ ሳይለቅ እንዳትለቅ፣ እሱ ገለል ሲል ወደ ዶ ግባ፣ እኔም ያኔ ከመቀመጫዬ እነሳለሁ። ለደሳለኝ በስልክ ስናስረዳው ከት ብሎ ሳቀ።

«እኔማ እስኪደክመኝ ነው የምቆመው። የዚያ አዝማሪ ጣት ይላጥ» አለ።

«አንተ በሩ ላይ ሳትቆም ከቤት አልወጣም» አለችው ሰናይት። እየቀለደች አልነበረም።

ሰርጉ የጥር እሁድ ነበር። አምባ ጊዮርጊስን የምታውቁ የጥር ጠዋቷን ታውቃላችሁ፣ ብርዱ አጥንት ይቆጥራል። ደሳለኝ አዲ አርቃይ ጭነት ሊያደርስ ሄዶ ስለነበር በጠዋት ተነስቶ ለሰርጉ እንደሚደርስ ነግሮናል። ከቆላ ሲመለስ የሊማሊሞን ዳገት እንደወጣ ለእናታችን መደወል ልማዱ ነው። እኔ ከዳሱ ጀርባ የድምፅ ማጉያውን ገመድ እየፈታሁ ሳለ ስልኬ ጠራ። የደሳለኝ ስም ነው። ገና ሳይናገር የት ደረስክ አንተ፣ በሩ ያላንተ ሊከፈት ነው ብዬ ጮህኩበት።

የመለሰልኝ ሌላ ሰው ነው። ሹፌር መሆኑን ነገረኝና ለባለ ስልኩ ምኑ እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ወንድሙ ነኝ አልኩት።

«አይዞህ ወንድሜ» አለኝ።

ሰው «አይዞህ» ብሎ ሲጀምርላችሁ የቀረውን መስማት አያስፈልግም። እኔ ግን ሰማሁት። መኪናው ሊማሊሞ ላይ፣ ጠመዝማዛው ጋ፣ ፍሬን እምቢ ብሎት ተገልብጧል። ደርሰው አውጥተውታል። ደባርቅ ሳያደርሱት መንገድ ላይ አርፏል። አስከሬኑ ሐኪም ቤት ነው። ሰውየው በስልኩ ላይ መጨረሻ የተደወለለትን ቁጥር አይቶ ነው የደወለልኝ። አመሰገንኩት። ምን ብዬ እንዳመሰገንኩት እስከ ዛሬ አላውቅም።

በግንቡ በኩል የሴቶቹ ሳቅ ይሰማኛል። ገመዱ እጄ ላይ አለ። ሥጋ የሚቆርጡትን ሰዎች የሚያዝዘው አጎታችን፣ የአባታችን ወንድም አያ ጫኔ ነው። ሄድኩና ክንዱን ይዤ ወደ ጀርባ አወጣሁት። ነገርኩት። አሮጌ የእህል ሙቀጫ ላይ ተቀመጠ። የመጀመሪያ ጥያቄው «ማን ሰማ?» የሚል ነበር። ከእሱ በቀር ማንም እንዳልሰማ ነገርኩት።

«እንግዲያው ስማኝ ልጀ» አለኝ። «ዳስ ተጥሏል፣ ከብት ታርዷል፣ ሙሽራው ጎንደርን ለቋል። ይቺ ልጅ በሙሾ አትወጣም። ዛሬ በእልልታ እንሸኛት። ነገ ጎህ ሲቀድ እኔው ራሴ ሽማግሌ ይዤ መጥቼ መርዶውን ለእናትህ እናገራለሁ። ሰናይትንም እናስመጣታለን።»

«እኔስ አያ ጫኔ? እኔ መቼ ነው የማለቅሰው?»

«ነገ። አብረን።»

ይህን ለሌላ አገር ሰው ብትነግሩት ጭካኔ ይመስለዋል። በእኛ ዘንድ ግን መርዶ ሰዓት አለው፣ ወግ አለው። ሰው በባዶ ሆዱ፣ በመንገድ ላይ፣ በደስታው መካከል መርዶ አይረዳም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎረቤት ተጠርቶ፣ የሚይዘው ክንድ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። አያ ጫኔ ክፉ ሰው አልነበረም። ሊለየኝ ሲል ዞር ብሎ «ጠላ እንዳትቀምስ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» አለኝ። ከዚያ ግንቡን ተገን አድርጎ ፊቱን በጋቢው ሸፈነና ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ፊቱን ጠርጎ ሲመለስ ሥጋ ቆራጮቹን «ምነው እጃችሁ ተሳሰረ?» ብሎ ተቆጣቸው።

እናቴ ጥበቧን ለብሳ ወደ እኔ ስትመጣ የድምፅ ማጉያው ላይ ተቀመጥኩ። ደሳለኝ ሊማሊሞን ከወጣ ይደውልልኝ ነበር፣ እስካሁን አልደወለልኝም፣ አንተ ጋ ደውሏል ወይ አለችኝ። ምን እንደምል አላሰብኩበትም ነበር። አፌ ላይ የመጣልኝ ግን ግማሹ እውነት ነው።

«ሊማሊሞ ላይ መኪና ተገልብጦ መንገድ ተዘግቷል አሉ።»

እናቴ ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች።

«ወይኔ። የማን ልጅ ይሆን?»

እንጃ አልኳት። እመቤቴ ትድረስለት ብላ ወደ ጓዳ ተመለሰች። እኔ ማጉያው ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ፣ ማን ያልዋሸ አለ። እንደዚያች «እንጃ» የከበደችኝ ግን የለችም።

ሰናይትን ደግሞ በመስኮት በኩል አገኘኋት። ቬሎዋን ለብሳለች፣ እጇ እንሶስላ ሞቆ ቀልቷል። የት ደረሰ አለችኝ። መንገዱ ተዘግቷል፣ ላይደርስ ይችላል አልኳት። እንግዲያው ሙሽራው ይጠብቃል እንጂ እኔ አልወጣም አለች። ይህን ጊዜ አያ ጫኔ ከኋላዬ ደረሰ። ከጎንደር እዚህ ድረስ መጥቶ ደጅ የሚጠብቅ ሙሽራ አይቶ እንደማያውቅ፣ እናቷ ያን ሁሉ ደክማ በእልኋ ምክንያት እንደምታፍር፣ በሩን የአክስታችን ልጅ ጌታሁን እንደሚይዝ ነገራት። ደሳለኝ ለመልሱ ይደርሳል ብሎም ጨመረ። ሰናይት አያ ጫኔን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ከዚያ መጋረጃውን ለቀቀችው።

የሙሽራው መኪኖች ክላክስ ከአስፋልቱ መሰማት የጀመረው ቀትር ሲሆን ነው። ኪቦርዴን ያስቀመጥኩት ዋናው ቤት ውስጥ፣ በሩ ጎን ነው። ማጉያው ዳስ ውስጥ ነው። ሰናይት ከሚዜዎቿ ጋር ከፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። እናቴ በግራ በኩል ወንበር ላይ ናት። ሙሽራው ሲቃረብ ዜማውን ጀመርኩ። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ትዝታ ስለሆነ ጣቴ መንገዱን ያውቀዋል፣ እኔን አይፈልገኝም። ጌታሁን በሩ ላይ ቆመና እጆቹን ዘረጋ። ሚዜዎቹ መግፋት ጀመሩ። ጣቴን ሶል፣ ሲ፣ ሬ፣ ፋ ላይ አሳረፍኩ። ድምፁን የቫዮሊን አድርጌው ስለነበር ጣቴን እስካላነሳሁ ድረስ አይጠፋም።

አያ ጫኔ ከውጭ በዓይኑ ጠቅሶት ነው መሰለኝ ጌታሁን ብዙም ሳይታገል ገለል አለ። ሙሽራው ገባ። እልልታው ቤቱን ሞላው። አሁን ወደ ዶ መግባት ነበረብኝ።

ጣቴ አልሄደም።

አውቄ አይደለም። ልነግራት አስቤ፣ የአያ ጫኔን ቃል ላፈርስ ፈልጌ አይደለም። ያኔ ነው የሰማሁት። ፋዋ ወደ ሚ ልውረድ ስትል፣ ሲ ወደ ዶ ልውጣ ስትል፣ ሁለቱም ደጅ ቆመው ክፈቱልን ሲሉ፣ ከስንት ቅዳሜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማኋቸው። እህቴ «አይጨንቅህም?» ያለችኝ ይህን ከሆነ፣ አዎ፣ ጨነቀኝ። ኮርዱን ከጨረስኩት ደሳለኝ በሩን ለቀቀ ማለት ነው። ደሳለኝ ደግሞ በሩ ላይ አልቆመም። መቼም አይቆምም። እንዴት አድርጌ ልጨርሰው?

ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ያጨበጭባል። ለእነሱ ትናንት ለእኔ እንደነበረው ያው ድምፅ ነው። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ያ ኮርድ ሳያልቅ መቅረቱን የሚሰማ ሰው አንድ ብቻ ነበር። ብቅል ያላወጣውን ኪቦርድ አወጣው።

ሚዜዎቿ ተነሺ ይሏታል። አልተነሳችም። ዓይኗ ጣቴ ላይ ነው። ከዚያ ቀና ብላ ፊቴን አየችኝ። ቀስ ብላ ተነሳችና ወደ ሙሽራው ሳይሆን ወደ እኔ መጣች። ሰው ወንድሟን ልትሰናበት መስሎት እልልታውን ጨመረ። ጎንበስ ብላ ጆሮዬ ሥር ነው የተናገረችው።

«ምነው አልጨረስከው?»

ጣቴን አላነሳሁም።

«መንገድ ተዘግቶ አይደለም፣ አይደል?»

ኮርዱ እየጮኸ ነው።

«አለ?»

ይህችን አንዲት ቃል ብቻ። አንገቴን ደፋሁ። የምትጮህ መስሎኝ ነበር፣ ብትጮህም አልፈርድባትም። እሷ ግን እንሶስላ የሞቀ እጇን የእጄ አንጓ ላይ አደረገች።

«እማየ እያየችን ነው። ጨርሰው።»

ጣቴን ወደ ዶ ወሰድኩት።

ዞር አለችና ከሙሽራው ጋር የእናቴ ጉልበት ላይ ተደፋች። ማልቀስ የጀመረችው እዚያ ነው። እንደዚያ ያለ ለቅሶ በሰርግ ቤት ሰምቼ አላውቅም። እናቴም አለቀሰች። ልጇን በሁለት እጇ አቅፋ «አልቅሽ ልጀ፣ አልቅሽ። ዛሬ ማንም ምነው አይልሽም» አለቻት። ሴቶቹ ሙሽራ ስታለቅስ ያምርባታል ተባባሉ። አንዷ አክስቴ እንዲያውም ያሁን ዘመን ልጆች እየሳቁ ነው የሚወጡት፣ እንዲህ ያለች ሸጋ ልጅ ማን አየ ብላ አደነቀቻት።

ሰናይት እንዲህ ሆና ወጣች። ጎንደር እስክትደርስ መኪና ውስጥ አልተናገረችም። ሙሽራው ቤት ሲጨፈር ጨፍራለች። ይህን ኋላ ባሏ ነው የነገረኝ። ደክሟት መስሎት ነበር። እኔም ዳሱ ውስጥ እንግዳው እስኪበተን ተጫወትኩ። ምን እንደተጫወትኩ አትጠይቁኝ።

ጎህ ሊቀድ ሲል አያ ጫኔ እንዳለው አደረገ። ሽማግሌዎቹን፣ የንስሐ አባታችንንና ጎረቤቶቹን ይዞ ደጃችን ደረሰ። እንዲህ ያለ ሰው በዚያ ሰዓት ደጅ ላይ ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ማን ቀድሞ እንደሚናገር ሲተያዩ በሩ ከውስጥ ተከፈተ። እናቴ ጥቁር ለብሳለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች።

«ግቡ እንጂ፣ ምነው ቆማችሁ?» አለቻቸው። «እናንተን ስጠብቅ ነው ያደርኩት።»

አያ ጫኔ ዞር ብሎ አየኝ። እኔ አልነገርኳትም። እናቴ ገባት።

«እሱ አልነገረኝም። የማን ልጅ ይሆን ብየ ስጠይቀው ፊቱን አየሁት። የኔ መሆኑን አወቅሁ።»

ታዲያ ያን ሁሉ ቀን ምነው ዝም አልሽ አልኳት። ድምፄ የልጅ ሆኖ ነበር። ሰናይት ሳትሰማ ትውጣ ብየ ነው አለችኝ። ይህን ስትናገር ሰናይትን ከጎንደር ያመጣት መኪና ደጅ ላይ ቆመ። ለእሷ ገና ማንም አልነገራትም ተብሎ ነው የታሰበው፣ ሚዜዎቹ እናትሽን ትንሽ አሟታል ብለው ነው ያመጧት። ከመኪናው ስትወርድ ግን እሷም ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። እናትና ልጅ ግቢው መካከል ተያዩ።

«አንቺም?» አለቻት እናቴ።

«አንቺም?» አለቻት ሰናይት።

የደሳለኝን መርዶ ያን ጠዋት ማንም ጮክ ብሎ አልተናገረውም። የሚናገሩት ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ የሚሰማ ሰው ጠፋ። ዳሱ አልፈረሰም ነበርና ትናንት የተበላበት ሰው ዛሬ ተመልሶ ለቅሶ ተቀመጠበት። ሰርግና ሞት አንድ ነው ሲባል እሰማ ነበር፣ ያን ቀን ግን ተረት አልሆነብኝም። አያ ጫኔ ቃሉን ጠብቆ አጠገቤ ተቀመጠና አብረን አለቀስን።

እንግዲህ እናንተ የምታነቡኝ ሰዎች፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ያን ቀን አንድ ክፍል ውስጥ ሞቱን የምናውቅ ሦስት ሰዎች ነበርን። ሦስታችንም ለአንድ ሰው እናለቅሳለን። ሦስታችንም ሌላው እንዳይሰማ ብለን ነው የቻልነው። እናቴ ልጇን አቅፋ ለሌላው ልጇ ስታለቅስ፣ ልጅቷም ያንኑ ስታለቅስ፣ አንዷ የሌላዋን አላወቀችም። ይህ ፍቅር ነው ወይስ ብቸኝነት? አያ ጫኔን የሚወቅሱ ዘመዶች አሉ። እኔ አልወቅሰውም። ሰናይትን በእልልታ አውጥቷታል። ግን ደግሞ ከዚያ ወዲህ ሰው ሞቶበት ያልሰማ ሰው አጠገብ ተቀምጬ መሳቅ አልችልም፣ ተነስቼ እወጣለሁ። የሆዴን የሚያወጣብኝ ነገር አይጠፋም ብዬ እፈራለሁ።

ሰርግ መጫወት አልተውኩም፣ እንጀራዬ ነው። ሰናይት ኖታ አስተማረችኝ፣ ኮርዶቹንም ለየኋቸው። ሰባተኛ ኮርድ አንድ ብቻ እንዳልሆነ፣ ለስላሳ የሆነ፣ ጨለም ያለ፣ እየተንገዳገደ የሚሄድም እንዳለ አወቅሁ። አሁን የሬዲዮ ማስታወቂያ ውስጥ እንኳን ሲያልፍ ይሰማኛል፣ አውቶቡስ ውስጥ ከሆንኩ ቀና እላለሁ። ዱሮ ሰናይት ስትለፋብኝ አለመስማቴ ያስቀኝ ነበር። ያ ጆሮ የታደለ ጆሮ ነበር። ሰው ሁሉ እንዲማር የምትመኙ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ግን አንዳንድ ትምህርት በምን እንደሚገዛ እኔ አውቃለሁ።

ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ እናቴን ልጠይቅ አምባ ጊዮርጊስ ሄድኩ። ሌላ ሰፈር ሰርግ ስለነበረኝ ኪቦርዱን ይዤ ነበር። ያን ያህል ጊዜ እቤቷ ውስጥ ሙዚቃ አልተሰማም። ድንገት ክፈተው አለችኝ። ምን ልጫወትልሽ አልኳት።

«ያን ቀን በሩ ላይ የያዝከውን።»

ኮርዱን አሰማኋት። ትንሽ ያዝኩትና ልጨርሰው ወደ ዶ ጣቴን ሳነሳ እጇን ዘረጋች።

«ተወው፣ አትጨርሰው» አለችኝ። «እንዲህ ሲሆን ገና መንገድ ላይ ያለ ይመስለኛል።»

ጣቴን መልሼ አስቀመጥኩት። እናቴ ዓይኗን ጨፍና በሩ በኩል ዞረች። እኔም እስክትጠግብ ድረስ ያዝኩላት።